የወረዱ የቼስ ጨዋታ ፋይሎችን ለመተንተኛ ሶፍትዌር ማዘጋጀት

ስቶክፊሽን የመሰለ የቼስ ኢንጂን የጨዋታ ፋይል አይከፍትም። የሚያውቀው የተሰጠውን የቦርድ አቀማመጥና ከዚያ የሚቀጥሉትን ርምጃዎች ብቻ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው፣ ጨዋታዎቹን የሚዘረዝረውና እያንዳንዱን ርምጃ ለኢንጂኑ በሚገባው መልክ የሚያቀብለው ቦርዱን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም ነው፦ ስኪድ፣ ቼስቤዝ፣ አሬና፣ ኤን ክሯሳን፣ በስልክ ደግሞ ድሮይድፊሽ። ስለዚህ አንድ የወረደ ፋይል አልተነተን ሲል ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በፋይሉና በዚህ ፕሮግራም መካከል ነው፤ መፍትሔውም ፋይሉን ፕሮግራሙ ወደሚያነበው መልክ መቀየር ነው።

መቀየሩ ራሱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ነገር ሳያስታውቅ መጥፋቱ ነው። አንድ ሺህ ጨዋታ የያዘ ፋይል ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ጥቂት ጨዋታዎች ጎድለውበት ሊከፈት ይችላል፤ ማብራሪያው ተቆርጦ ርምጃው ብቻ ሊተርፍ ይችላል፤ የአንድ ተጫዋች ጨዋታዎች በሁለት ስም ተከፋፍለው ሊቀመጡ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ቅየራው ሁልጊዜ የሚሠራው በቅጂ ላይ ነው። የወረደው ዋና ፋይል ለብቻው ፎልደር ውስጥ ሳይነካ ይቀመጣል፤ በየደረጃው ደግሞ የጨዋታው ብዛት ይቆጠራል።

የፋይሉን ዓይነት መለየት

በመጀመሪያ የፋይሉ ቅጥያ ይታያል። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ስለሚደብቅ፣ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ከሚለው ሥር ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ ይቀድማል። ይህ ካልተደረገ፣ ከድረ ገጽ ተቀድቶ በኖትፓድ የተቀመጠ ጨዋታ ስሙ ፒጂኤን በሚለው የቼስ ጨዋታ ቅጥያ ያለቀ ቢመስልም ከኋላው ቲኤክስቲ የሚል ቅጥያ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። የቼስ ፕሮግራሙም ፋይሉን በዝርዝሩ ውስጥ አያሳየውም። እንዲህ ያለው ፋይል መቀየሪያ አያስፈልገውም፤ የተረፈውን ቅጥያ ከስሙ ላይ ማጥፋት ይበቃል።

ቅጥያው ፒጂኤን ከሆነ ከሥራው ብዙው ተጠናቋል። ይህን አጻጻፍ በ1993 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ያዘጋጀው ስቲቨን ኤድዋርድስ ሲሆን፣ የታሰበውም ሰው ያለ ልዩ ፕሮግራም የሚያነበው፣ ፕሮግራምም በቀላሉ የሚረዳው ተራ የጽሑፍ ፋይል እንዲሆን ነው። ዛሬ ፒጂኤን የማያነብ የቼስ ፕሮግራም ማግኘት ያስቸግራል። ከአንድ ዝግ መልክ ወደ ሌላ ዝግ መልክ ለመሻገርም ቢሆን በፒጂኤን በኩል ማለፍ ይመረጣል፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር በጽሑፍ ማረሚያ ተከፍቶ በዓይን ሊታይ የሚችለው እዚያ ነውና።

ሲቢኤች የሚለው ቅጥያ የቼስቤዝ ዳታቤዝ ምልክት ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስሕተት ሲቢኤቹን ብቻ ለይቶ መላክ ነው። አንድ የቼስቤዝ ዳታቤዝ ተመሳሳይ ስም፣ የተለያየ ቅጥያ ያላቸው የብዙ ፋይሎች ስብስብ ነው፦ ርምጃዎቹ ሲቢጂ በሚባለው ውስጥ ናቸው፣ ማብራሪያዎቹ ሲቢኤ ውስጥ፣ የተጫዋቾቹ ስም ሲቢፒ ውስጥ፣ የውድድሮቹ ስም ደግሞ ሲቢቲ ውስጥ። ሲቢኤች ለብቻው ደርሶ ከሆነ ውስጡ ጨዋታ የለም፤ የሚያዋጣው ላኪውን ሙሉውን ስብስብ መጠየቅ ብቻ ነው። ሲቢቪ የሚባለው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የጠቀለለ ስለሆነ ለመላላክ ይመቻል። ከቼስቤዝ 17 ወዲህ 2ሲቢኤች የሚባል አዲስ መልክም መጥቷል፤ የቆየ የቼስቤዝ ወይም የፍሪትዝ ቅጂ አይከፍተውም።

የስኪድ ዳታቤዝም እንዲሁ የሦስት ፋይሎች ስብስብ ነው፦ ማውጫው ኤስአይ4፣ ርምጃዎቹ ኤስጂ4፣ ስሞቹ ኤስኤን4። ሦስቱ አብረው ካልተጓዙ ዋጋ የላቸውም። በአዳዲሶቹ የስኪድ ቅጂዎች ቁጥሩ 5 ሆኖ ይታያል።

የታመቀውን መፍታት

በየሳምንቱ የሚወጣው የማርክ ክራውዘር «ዘ ዊክ ኢን ቼስ» በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የዓለምን የውድድር ጨዋታዎች እየሰበሰበ በዚፕ ያቀርባል። ለእያንዳንዱ እትም ሁለት ዚፕ አለ፣ አንዱ በፒጂኤን ሌላው በቼስቤዝ መልክ። ቼስቤዝ የሌለው ሰው የሚያወርደው የመጀመሪያውን ነው። የአንድ ሳምንቱ እትም በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን ይዞ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው የሚመች ምንጭ ነው። ዚፕን ዊንዶውስም ሆነ ስልክ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈቱታል። ሆኖም ፋይሉን ዚፑ ውስጥ እንዳለ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መክፈት መልካም አይደለም። የቼስ ፕሮግራሙ የሚያገኘው ጊዜያዊ ቅጂ ስለሚሆን በኋላ የተጨመረ ትንታኔ አብሮት ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ፎልደር ማውጣት ይገባል።

ሊቼስ የተባለው የኢንተርኔት ቼስ መጫወቻ የሚያወጣቸው ወርኃዊ ፋይሎች ሌላ ዝግጅት ይጠይቃሉ። ሊቼስ ላይ የተደረጉት የነጥብ ጨዋታዎች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 2013 ጀምሮ በየወሩ ተከፋፍለው፣ ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምባቸው በነፃ ተለቀዋል። የታመቁበት መልክ ዜድስታንዳርድ ይባላል፣ ቅጥያውም ዜድኤስቲ ነው። ፒዚፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈታዋል፤ በትእዛዝ መስኮት ለሚሠራ ሰው ደግሞ የዜድስታንዳርድ የራሱ መሣሪያ አለ። ሲፈታ ፋይሉ ወደ ሰባት እጥፍ ያድጋል። በቅርብ ዓመታት የአንድ ወር ጥቅል ወደ 30 ጊጋባይት ስለሚጠጋ፣ ተፈትቶ ከ200 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ይህን በተራ ላፕቶፕ ላይ መፍታት ዲስኩን ሞልቶ ኮምፒውተሩን ከማንቆራጠጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

ለልምምድ የሚመከረው የመጀመሪያው፣ የጥር 2013 ፋይል ነው። 121,332 ጨዋታዎች አሉት፤ ታምቆ ሳለ 20 ሜጋባይት አይሞላም። ሙሉው የቅየራ መንገድ በዚህ ፋይል ላይ ከተፈተነ በኋላ ነው ወደ ትልልቆቹ መሄድ የሚገባው። ትልቁን ፋይል በፍላሽ ዲስክ ለማዘዋወር ሲታሰብ ደግሞ ፍላሹ የተዘጋጀበትን ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ፋት32 በሚባለው የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ ባዶ ቦታ ቢኖረው እንኳ። ኤክስፋት ወደሚባለው መቀየር ችግሩን ይፈታል፤ ሲቀየር ግን በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይገለበጣል።

የራሱን ጨዋታ ብቻ ለመተንተን የሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ሊቼስ ላይ ከግል ገጹ ጨዋታዎቹን በአንድ ፒጂኤን ማውረድ ይችላል፤ ሲያወርድም የሰዓቱና የኮምፒውተር ግምቱ ምልክቶች አብረው እንዲመጡ ወይም እንዲቀሩ ይመርጣል። ቼስ ዶት ኮምም ከጨዋታ መዝገቡ ገጽ በፒጂኤን ማውረድን ይፈቅዳል።

ፒጂኤንን በጽሑፍ ማረሚያ ማየት

ማንኛውም ፒጂኤን ወደ ሌላ መልክ ከመቀየሩ በፊት በጽሑፍ ማረሚያ ተከፍቶ መታየት አለበት። እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ክፍል አለው። ከላይ በካሬ ቅንፍ የታጠሩ ራስጌዎች ይደረደራሉ፤ ግዴታ የሆኑት ሰባት ናቸው፦ ውድድሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ዙሩ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ውጤቱ። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይመጣና ርምጃዎቹ ይከተላሉ፤ መጨረሻቸው ላይም ውጤቱ እንደገና ይጻፋል። ባዶው መስመር ከጎደለ ወይም ውጤቱ በራስጌው ላይ 1-0፣ በርምጃዎቹ መጨረሻ ደግሞ 0-1 ከሆነ፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው ጨዋታውን ይጥለዋል።

በርምጃዎቹ መካከል በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያለው አስተያየት ነው፤ በተራ ክብ ቅንፍ ውስጥ ያለው አማራጭ መስመር ነው። ከዶላር ምልክት ጋር የሚመጡት ቁጥሮች የግምገማ ምልክቶች ናቸው፦ $1 ጥሩ ርምጃ፣ $2 ስሕተት፣ $3 ድንቅ ርምጃ፣ $4 ከባድ ስሕተት። አንድ ክብ ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ ከእሱ በኋላ ያለው ጨዋታ ሁሉ እንደ አማራጭ መስመር ይቆጠራል። አንድ ጥምዝ ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ የሚቀጥለው ጨዋታ ራስጌው ሳይቀር በአስተያየት ውስጥ ሊዋጥ ይችላል። የጨዋታው ብዛት ሲጎድል መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው።

ከሰው እጅ የወጡ ፋይሎች የራሳቸው ስሕተቶች አሏቸው። ፒጂኤን ካስሊንግን የሚጽፈው በላቲኑ ትልቅ ፊደል ኦ ነው፤ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የጨዋታ ወረቀት ላይ ግን ዜሮ ነው የሚጻፈው። ከወረቀት የገለበጠ ሰው ዜሮውን ይዞት ይመጣል፤ ጥብቅ የሆነ ፕሮግራምም እዚያው ይቆማል። የጦሮቹ ምልክትም በእንግሊዝኛው ስማቸው ላይ የቆመ ነው። ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ ወይም ከስፔን መጽሔት የተቀዳ ጨዋታ በየቋንቋው ፊደል ስለሚመጣ መተካት አለበት። መተካቱም በጭፍን አይሆንም፦ በጀርመንኛው ዲ ንግሥትን ያመለክታል፣ ኤል ቢሾፕን፣ ኤስ ፈረስን። ትልቁን ፊደል ብቻ ለይቶ መተካት ይገባል፣ ትንሹ ዲ የቦርዱ ዓምድ ስም ነውና።

ከኤሌክትሮኒክ ቦርድ በቀጥታ የተወሰደ ፋይል ሌላ ወጥመድ አለው። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾች ውጤቱን ለቦርዱ ለማሳወቅ ንጉሦቹን ወደ መሐል ያስቀምጧቸዋል። ይህ ድርጊት አንዳንድ ጊዜ እንደ ርምጃ ይመዘገብና ጨዋታው መጨረሻ ላይ ንጉሡ ያለ ምክንያት ወደ ቦርዱ መሐል የወጣ ይመስላል። ኢንጂኑም ያንን «ርምጃ» እንደ ከባድ ስሕተት ይቆጥረዋል። በጨዋታው የመጨረሻ ርምጃ ላይ ብቻ ግምቱ በድንገት የሚገለበጥ ከሆነ ይህንን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ጨዋታው ከመነሻው አቀማመጥ ካልጀመረ፣ ለምሳሌ የፍጻሜ ጨዋታ ልምምድ ከሆነ፣ የቦርዱ አቀማመጥ ኤፍኢኤን በሚባል ራስጌ ይጻፋል፤ ከእሱ ጋርም «ሴትአፕ» የሚለው ራስጌ በ1 ቁጥር መኖር አለበት። ሁለተኛው ከጎደለ አንዳንድ ፕሮግራም አቀማመጡን ችላ ብሎ ከመነሻው ይጀምርና የመጀመሪያውን ርምጃ ሕገ ወጥ ነው ይላል። የሊቼስን የእንቆቅልሽ ስብስብ የሚቀይር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት፦ እዚያ የተሰጠው አቀማመጥ ተጋጣሚው ከመንቀሳቀሱ በፊት ያለው ነው፤ ከተጻፉት ርምጃዎች የመጀመሪያው የተጋጣሚው ነው፣ መልሱ ከሁለተኛው ይጀምራል።

ፒጂኤን ርምጃዎችን የሚመዘግበው ነጭና ጥቁር እየተፈራረቁ እንደሚጫወቱ ቆጥሮ ነው። የኛው ነባሩ ሰንጠረዥ በዚህ ሊመዘገብ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የመጀመሪያው ጦር እስኪበላ ድረስ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። የፈርዙና የፊሉ አካሄድም ከዘመናዊው ንግሥትና ቢሾፕ ይለያል። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚመዘገብበት የተለየ ሥርዓት ቢዘጋጅለት ትልቅ ቅርስ ማዳን ይሆን ነበር።

ከቼስቤዝ ወደ ፒጂኤን

ቼስቤዝ ወይም ፍሪትዝ ባለበት ኮምፒውተር ሥራው ቀላል ነው። ዓይነቱ ፒጂኤን የሆነ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጠራል። ከዚያ የቼስቤዙ ዳታቤዝ ተከፍቶ ጨዋታዎቹ በኮንትሮል ኤ ሁሉም ይመረጣሉ፣ ይቀዳሉ፣ በአዲሱ ላይ ይለጠፋሉ። ሲቢቪ ከሆነ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ራሱ ይፈታዋል። ፕሮግራሙ የሌለው ሰው ይህንን አንድ ጊዜ እንዲሠራለት ያለውን መጠየቅ ይሻለዋል። በማይታወቅ የመቀየሪያ ገጽ ላይ መጫን ማብራሪያዎቹን ሊያሳጣ ይችላል።

ሁሉም ነገር ግን አይሻገርም። ባለ ቀለም ቀስቶችና ካሬዎች በአስተያየት ውስጥ በመቶኛ ምልክት በሚጀምሩ ትእዛዞች ይጻፋሉ፤ ሊቼስና ሌሎች ያነቧቸዋል፣ የማያነባቸው ፕሮግራም ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳያቸዋል። ድምፅ፣ ቪዲዮና ሥዕል ጨርሶ አይሻገሩም። አንዱን ወገን ያለ ርምጃ የሚያሳልፈው፣ «ዛቻው ምን ነበር» ለማለት አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት ባዶ ርምጃ በፒጂኤን ደንብ ውስጥ የለም። ቼስቤዝ በሁለት ሰረዝ ይጽፈዋል፣ ጥብቅ አንባቢ ግን እዚያ ሲደርስ ጨዋታውን ይጥላል። ብዙ ማብራሪያ ያለበት የሥልጠና ፋይል ሲቀየር ሰረዞቹን በጽሑፍ ማረሚያ ፈልጎ ማየት ተገቢ ነው።

ማጣራት

ለብዙ ጨዋታዎች ማጣሪያ የሚሆን ከፒጂኤን ኤክስትራክት የተሻለ ነፃ መሣሪያ የለም። የሠራው በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዴቪድ ባርንስ ነው። መስኮትና አዝራር የለውም፤ በትእዛዝ መስኮት የሚሠራ ነው፣ ትእዛዞቹም ከሰረዝ ቀጥሎ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ትንሹ አር ስሕተቶቹን ብቻ ዘርዝሮ ምንም ሳይጽፍ ይመለሳል፤ ማንኛውም ሥራ በእሱ ቢጀመር ጥሩ ነው። ትንሹ ኦ ውጤቱ የሚጻፍበትን አዲስ ፋይል ስም ይቀበላል። ትልቁ ሲ አስተያየቶችን፣ ትልቁ ቪ አማራጭ መስመሮችን፣ ትልቁ ኤን የግምገማ ምልክቶችን ያስወግዳል። በመጨረሻም ስንት ጨዋታ አንብቦ ስንቱን እንዳወጣ ይናገራል፤ ያ ቁጥር መመዝገብ አለበት።

ስሕተት ያለበትን ጨዋታ በራሱ ፈቃድ ይተወዋል። ይህ ለብዙው ሥራ መልካም ነው፤ ጨዋታዎቹ ጥቂትና ብርቅ ሲሆኑ ግን የተበላሹትንም እንዲያቆይ ማዘዝ፣ ከዚያም አንድ በአንድ በእጅ ማረም ይሻላል። ተደጋጋሚ ጨዋታን በሚያስቀረው ትልቁ ዲ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድግግሞሽን የሚለየው በርምጃዎቹ እንጂ በተጫዋቾቹ ስም አይደለም። ሁለት ጥንድ ተጫዋቾች በተለያየ ዓመት ያንኑ የታወቀ አጭር የአቻ መስመር ተጫውተው ቢለያዩ አንዱ ጨዋታ ይቀራል። የመክፈቻ ጥናት ለሚሠራ ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ የአንድ ተጫዋች ሙሉ መዝገብ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ጉድለት ነው።

ያንን የሊቼስ ግዙፍ ፋይል ማስተናገጃው መንገድም ይኸው ነው። ጥቅሉን ዲስክ ላይ ከመዘርገፍ ይልቅ፣ የዜድስታንዳርድ መሣሪያ እየፈታ በቋሚ መስመር ምልክት በኩል በቀጥታ ለፒጂኤን ኤክስትራክት እንዲያቀብል ይደረጋል። ኤክስትራክት በበኩሉ በትንሽ የመስፈርት ፋይል የተጻፈለትን ብቻ ይወስዳል፣ ለምሳሌ ሁለቱም ተጫዋቾች ከ2200 ነጥብ በላይ የሆኑበትን። በመቶዎች ከሚቆጠሩት ጊጋባይቶች ውስጥ የሚጠቅመው ብቻ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በላፕቶፕ ባትሪ ላይ ብቻ ተማምኖ መጀመር አይመከርም።

ስም፣ ቀንና ፊደል

የፒጂኤን ደንብ የተጫዋችን ስም የሚጽፈው የቤተሰቡን ስም አስቀድሞ፣ ነጠላ ሰረዝ አድርጎ፣ የራሱን ስም በማስከተል ነው። የኢትዮጵያውያን ስም ለዚህ አይመችም። አበበ በቀለ የሚባል ተጫዋች በአንዱ ውድድር በአባቱ ስም፣ በሌላው በራሱ ስም ተቀድሞ ይጻፋል። አንዱ መዝጋቢ የአያትን ስም ይጨምራል፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥም አጻጻፉ ይለያያል። ዳታቤዙ እነዚህን ሁሉ እንደ ተለያዩ ሰዎች ይቆጥራል። አስተማማኙ መለያ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሰጠው ቁጥር ሲሆን፣ «ዘ ዊክ ኢን ቼስ»ን በመሳሰሉ ፋይሎች ውስጥ በራሱ ራስጌ ተጽፎ ይገኛል። ስሞችን አንድ ለማድረግ በዚህ ቁጥር ፈልጎ ሁሉንም በአንድ አጻጻፍ መተካት ይገባል። የአገር ውስጥ ውድድር ጨዋታ የሚመዘግብ ሰውም ከመጀመሪያው ይህን ቁጥር ቢያስገባ ከብዙ ልፋት ያድናል።

ቀን የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዓመት በነጥብ ወር በነጥብ ቀን ሆኖ ነው። ያልታወቀው በጥያቄ ምልክት ይሞላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2017 የተደረገ ጨዋታ 2024.09.11 ተብሎ ይገባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ከገባ ጨዋታው ከሰባት ዓመት በፊት የተደረገ ይመስላል፤ በጳጉሜን የተደረገ ከሆነ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ፕሮግራሙ ቀኑን አይቀበለውም። ሊቼስ ላይ የተደረጉ ጨዋታዎች በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘገቡም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተደረገ ጨዋታ የቀዳሚውን ቀን ይዞ ይወርዳል። ስሕተት ስላልሆነ መነካት የለበትም።

የፊደል ጉዳይ የሚነሳው አስተያየቶቹ ከእንግሊዝኛ ውጭ ሲሆኑ ነው። የመጀመሪያው ደንብ የታሰበው ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ነበር፤ አሁን ብዙው ፋይል በዩቲኤፍ-8 ይጻፋል። በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ በቆየ ፕሮግራም ተከፍቶ እንደገና ከተቀመጠ ሁለት ዓይነት ነገር ሊገጥመው ይችላል። እንግዳ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ከታየ ፋይሉ ገና አልጠፋም፤ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን በመሰለ ማረሚያ በዩቲኤፍ-8 እንዲነበብ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። የጥያቄ ምልክቶች ድርድር ከሆነ ግን ጽሑፉ ከፋይሉ ውስጥ ወጥቷል፣ ከዋናው ቅጂ በስተቀር የሚመልሰው የለም።

ወደ ስኪድ ማስገባት

ስኪድ ነፃ ነው፤ መነሻውን የሠራው ሼን ሃድሰን ሲሆን ስኪድ ቨርሰስ ፒሲ የሚባለው ቅርንጫፉም በሰፊው ይሠራበታል። ፒጂኤንን በቀጥታ ሊከፍት ይችላል። ለፍለጋና ለለውጥ ግን የራሱ ዳታቤዝ ይመረጣል፣ ፍጥነቱ አይወዳደርምና። አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጠርና «ቱልስ» ከሚለው ሥር የፒጂኤን ፋይል ማስገቢያው ይመረጣል። ማስገባቱ ሲያልቅ የሚታየው የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ሳይነበብ መዘጋት የለበትም፤ የትኛው ጨዋታ በየትኛው መስመር ላይ እንደተቆረጠ የሚናገረው እሱ ነው። የገባው ብዛት ፒጂኤን ኤክስትራክት ከተናገረው ጋር ይመሳከራል። የኤስአይ4 መልክ ከ16 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጡ ጨዋታዎችን ብቻ ስለሚይዝ የሊቼስን አንድ ሙሉ የቅርብ ወር አይችለውም።

ከዚያ በጥገና መስኮቱ ውስጥ ሦስት ሥራዎች በተከታታይ ይሠራሉ። የስም ፊደል ማረሚያው የታወቁ ተጫዋቾችን ስም አንድ ያደርጋል። የመንታ ጨዋታ ፈላጊው የተጫዋቾችን ስም ጭምር ስለሚያነጻጽር ለድግግሞሽ ከትልቁ ዲ ይልቅ የሚታመን ነው። የመክፈቻ መዳቢው ደግሞ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ከኤ00 እስከ ኢ99 ያለውን የመክፈቻ ኮድ ይሰጣል። ስኪድ በእነዚህ ላይ ተጨማሪ ፊደል የሚያክልበት ረዘም ያለ አጻጻፍም አለው፤ ፋይሉ በኋላ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚሄድ ከሆነ አጭሩ ይመረጣል። የተሰረዙ መንታዎች ምልክት ይደረግባቸዋል እንጂ ወዲያው አይጠፉም። ዳታቤዙ ከተሰረዙት እስኪጸዳ ድረስ መመለስ ይቻላልና ከመጽዳቱ በፊት ጥቂቶቹን ከፍቶ ማየት ይጠቅማል።

ለኢንጂን ማቀበልና መመለስ

ዳታቤዙ ከተሰናዳ በኋላ ኢንጂኑ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፦ በፕሮግራሙ የኢንጂን ዝርዝር ውስጥ የስቶክፊሽ ፋይል ያለበት ቦታ ይጠቆማል፣ ዓይነቱም ዩሲአይ (ኢንጂንና ፕሮግራም የሚግባቡበት ደንብ) ተብሎ ይመረጣል። ከሙሉው ስብስብ በፊት ግን አራት ጨዋታዎች ለሙከራ ይከፈታሉ፦ በጣም ረጅሙ፣ ወታደር ወደ ሌላ ጦር የተለወጠበት፣ ብዙ አማራጭ መስመር ያለበት፣ እና ከልዩ አቀማመጥ የጀመረ ካለ እሱ። እነዚህ እስከ መጨረሻው ርምጃ ድረስ በትክክል ከተጓዙ ቅየራው ተሳክቷል ማለት ነው። ጨዋታው የኋላ ረድፍ ጦሮች በዕጣ የሚደረደሩበት ቼስ960 ከሆነ የጨዋታው ዓይነት በራስጌው መጻፉን፣ ፕሮግራሙም ይህን ዓይነት መቀበሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ካስሊንጉ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ከሊቼስ የወረደ ጨዋታ አስቀድሞ የተሰጠ ግምት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ግምቱ ሁልጊዜ ከነጭ በኩል የታየ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ተራው ከደረሰው ተጫዋች በኩል ያሳያል። አሮጌውና አዲሱ ግምት በአንድ ጨዋታ ላይ ተቀላቅለው ከተቀመጡ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የቀድሞዎቹን አስተያየቶች በትልቁ ሲ አስወግዶ በንጹሕ ቅጂ ላይ መተንተን ይሻላል፣ የሰው ማብራሪያ ከሌለበት።

የተተነተነው ጨዋታ ለሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ እንደገና ወደ ፒጂኤን ይወጣል፣ ሲወጣም አስተያየቶችና አማራጭ መስመሮች እንዲካተቱ ይመረጣል። በሊቼስ የጥናት ገጽ ላይ የሚጫን ከሆነ አንድ ጥናት ከ64 ምዕራፍ በላይ ስለማይይዝ ትልቁ ፋይል አስቀድሞ ይከፋፈላል፤ ለዚህም ፒጂኤን ኤክስትራክት በሰረዝና በቁጥር ምልክት ቀጥሎ የሚሰጠውን የጨዋታ ብዛት ተከትሎ ፋይሉን በተራ ቁጥር ይቆራርጠዋል። በስልክ ለሚያይ ሰው የተቆራረጠው ፒጂኤን በቴሌግራም ከተላከ በኋላ ድሮይድፊሽ ውስጥ ይከፈታል።